የእግር ጥፋት

መኪና አይዋሽም። ሰው ሆዱን አሞት ራሴን ነው ሊል ይችላል፤ መኪና ግን የታመመበትን ቦታ ይናገራል፤ የሚሰማ ጆሮ ይኑር እንጂ። ቡራዩ ላይ ጋራዥ በነበረኝ ዘመን ይህን ለመጣው ሁሉ፣ ሳልጠየቅም ጭምር፣ እናገር ነበር። አባባሉ ዛሬም እውነት ይመስለኛል። የማፍረው በአባባሉ አይደለም። የማፍረው አንዲት መኪና እውነቱን ስትነግረኝ እኔ ሌላ ሰምቼ፣ በአንድ ሰው እንጀራ ላይ በመፍረዴ ነው።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ጋራዤ ከአምቦ መንገድ ዳር፣ ከባሕር ዛፎች ጥግ የቆመች የቆርቆሮ ቤት ነበረች። ሙያውን የተማርኩት ከጦርነቱ በኋላ ወደ አገሩ ሳይመለስ ከቀረ አንድ ጣሊያን ነው። ሰውየው ሲያስተምር አያስረዳም፤ «ካቻቪቴ አምጣ፣ ክሪኩን አንሳ፣ ዝም በል» ነው። ከእሱ ሁለት ነገር ወረስኩ፤ የዕቃዎቹን ስምና ቁጣውን። ስሞቹ ጠቅመውኛል።

የፍሪሲዮንና የማርሽ ሕመም ከሩቅ ሲያዩት አንድ ይመስላል። ሾፌሩ ይመጣና «ማርሽ እምቢ አለኝ» ይላል፤ ሌላ የሚጨምረው ነገር የለውም። ከዚያ በኋላ ያለው የመካኒኩ ሥራ ነው። ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ወደፊት አልሄድ ካለ፣ በተለይ ዳገት ላይ፣ የፍሪሲዮኑ ሸራ አልቋል፤ ጋቢናው ውስጥም የተቃጠለ ጨርቅ ይሸታል። ማርሹ ከገባ በኋላ ራሱን አስፈንጥሮ የሚወጣ ከሆነ ችግሩ የማርሹ ሣጥን፣ ካምቢዮው ውስጥ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ እያለ ማርሹ እሺ ብሎ የሚገባ፣ ሞተሩ ሲነሳ ግን ጥርስ እያፋጨ እምቢ የሚል ከሆነ ደግሞ ፍሪሲዮኑ ሲረገጥ አይለቅም ማለት ነው። ሞተሩና ካምቢዮው ለቅጽበት መለያየት ሲገባቸው እንደተያያዙ ቀርተዋል። ይህን ሁሉ ከእንቅልፌ ቀስቅሰው ቢጠይቁኝ ሳልንተባተብ እመልስ ነበር።

በጋራዡ በር ላይ በትልቁ የተጻፈ አንድ ሕግ ነበረኝ። «መኪናዎን ከማስረከብዎ በፊት ውስጡ ያለውን ዕቃ ሁሉ ያውጡ» ይላል። ሕጉን ያወጣሁት አንድ ደንበኛ ከወንበር ሥር ጋቢ ጠፋብኝ ብሎ ፖሊስ ይዞብኝ ከመጣ በኋላ ነው። ጋቢው በሳምንቱ ከአማቱ ቤት ተገኘ፤ ይቅርታ የጠየቀኝ ግን የለም። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው፣ የፈለገውን ያህል የተከበረ ቢሆን፣ አንዲት ጨርቅ መኪናው ውስጥ ትቶ ግቢዬ አይገባም። ማንበብ የማይችለውን ዘበኛው በቃሉ ይነግረዋል። የወጣውን ዕቃ ዘበኛው ጎጆው ውስጥ ያስቀምጥና ባለቤቱ ሲወጣ ይመልስለታል። በዚህ አሠራሬ በጣም እኮራ ነበር።

እሜቴ የምንላቸው ሴት ሱሉልታ ላይ የወተት ላሞች ነበሯቸው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ከብቱንም ቤቱንም ብቻቸውን ያስተዳድራሉ፤ ወተቱን ጠዋት ጠዋት በቢዶኒ እየሞሉ አዲስ አበባ ይልካሉ። ብዙ ዓመት በአህያና በሰው መኪና ሲልኩ ኖረው በመጨረሻ አንዲት ጀርባዋ ክፍት የሆነ ትንሽ የጭነት መኪና ገዙ። ሾፌሩን ከውጭ አላመጡም። እዚያው ግቢያቸው ላም ያልብ የነበረ የአካባቢው ገበሬ ልጅ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ዝምተኛ ሰው ነው። መንዳት እንዲማር የላኩት፣ መንጃ ፈቃድ ያስወጡለት እሳቸው ናቸው። ከሚስቱ ጋር የሚኖርባት አንድ ክፍል ቤትም የእሳቸው ግቢ ውስጥ ናት። ስለዚህ ይህ ሰው ከመሪው ቢወርድ የሚወርደው ከመሪው ብቻ አልነበረም። ይህን አውቅ ነበር፤ አላውቅም ነበር ብዬ አልሸሽም።

መኪናዋ የተገዛችው ሐምሌ ላይ ነው። ሐምሌንና ነሐሴን በዚያ ጭቃ፣ ወተት ተጭና የእንጦጦን ዳገት ስትወጣ ስትወርድ አንድ ቀን አላስቸገረችም። ማስቸገር የጀመረችው መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። ሁለት ወር ደህና የነዳ እግር በሦስተኛው ወር በምን ምክንያት ይበላሻል? ይህን ጥያቄ አሁን እጠይቀዋለሁ። ያኔ አልጠየቅኩትም።

መጀመሪያ የመጣው ጥቅምት መግቢያ ላይ ብቻውን ነው። መኪናዋን ከበሩ ውጭ አቁሞ፣ ዘበኛው የነገረውን ሁሉ አድርጎ፣ ከዚያ ነድቶ ገባ። በረባሶ ተጫምቷል፤ የለበሰው ኮት ከሌላ ሰው የተረፈ ይመስላል።

«አካም ቡልተኒ፣ ጋሼ?» አለኝ፤ እንዴት አደሩ ማለቱ ነው።

እኔ ከሰሜን የመጣሁ ሰው ነኝ፤ ኦሮምኛዬ ከሰላምታ ብዙም አያልፍም። «ነጋ» ብዬ ሰላምታውን መለስኩና «ምን ሆነች?» አልኩት።

«ማርሽ ትፋጫለች። አንደኛና የኋላ ማርሽ እምቢ ትለኛለች። ሁለተኛም አንዳንዴ።»

ገባሁና ሞተሩን አስነሳሁ። ፍሪሲዮን ረገጥኩ፣ አንደኛ አስገባሁ። ገባ። የኋላ ማርሽ አስገባሁ። ገባ። አስር ጊዜ ሞከርኩ፤ አስር ጊዜ ያለ ድምፅ ገባ። የፔዳሉን ልቅነት በጣቴ ለካሁ፤ ልክ ነው። ወጥቼ እጄን በጨርቅ ጠራረግኩና «ይቺ መኪና ምንም የላትም» አልኩት። አንገቱን ደፍቶ አመሰገነኝና ሄደ።

በአስር ቀኑ ተመልሶ መጣ፤ ያንኑ ነገር ነገረኝ። አሁንም ሞከርኩ፤ አሁንም ደህና ናት። እስቲ አንተ ንዳ ብዬ አጠገቡ ተቀመጥኩና ከጋራዡ እስከ ሆለታ መታጠፊያው ሄደን ተመለስን። ማርሽ ሲቀይር እንኳን ድምፅ፣ እጁ መንቀሳቀሱም አይታወቅም። ላቡ ግን በግንባሩ ይወርዳል።

«ታዲያ የታለ?» አልኩት።

«እዚህ ደህና ናት፣ ጋሼ። መንገድ ላይ ነው የምትለወጠው።»

ይህን ጊዜ ነው ተንኮለኛው ሐሳብ የመጣልኝ። ሰውየው እኔ ሳየው ይጠነቀቃል፤ ብቻውን ሲሆን እንደፈለገው ይጎትታል አልኩ በልቤ። ባለቤቱ ሲኖር ሸጋ የሚሄድ፣ ባለቤቱ ዞር ሲል የሚራገጥ በቅሎ አይቼ አውቃለሁ። ላም አላቢ ሾፌር ሆነ ሲባልም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከመጀመሪያው አልጣመኝም ነበር። ከላም ሥር ወደ መሪ ዘሎ መውጣት ለእኔ፣ ስምንት ዓመት ዘይት ውስጥ ተንከባልዬ መፍቻ ለተረከብኩት ሰው፣ ያለ ወረፋ መግባት ነበር። በአፌ አላልኩትም፤ ግን ሐሳቤ ውስጥ ነበረ።

በሦስተኛው ጊዜ እሜቴ ራሳቸው አብረውት መጡ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው ከጋቢናው ወረዱና በአግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

«ይህን ጩኸት በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ» አሉኝ። «አጠገቡ ተቀምጬ ነው የመጣሁት፤ ጥርሴ እስኪነቃነቅ ነው ያፋጨችው። አንተ ደግሞ ሁለት ጊዜ ደህና ናት ብለህ ሰደድካት። እንግዲህ ዛሬ ቁርጡን ንገረኝ። የመኪናዋ ጥፋት ነው ወይስ የሰውየው?»

ካምቢዮውን አውርጄ ፈታሁት። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። የአንደኛ ማርሽ ጥርስ ጫፍ ጫፉ ተበልቷል፤ የኋላ ማርሹም እንደዚያው። የፍሪሲዮኑ ሸራ ግን ገና ነው፤ የሚያንሸራትት የለ፣ የሚይዝ የለ። ጥርሱን በቤንዚን አጥቤ በጨርቅ ላይ አስቀምጬ ለእሜቴ አሳየኋቸው። ሾፌሩ ከኋላቸው ቆሟል።

«ይኸውልዎት» አልኳቸው። «ማርሹ የተበላው ፍሪሲዮን ሳይለቅ በግድ ስለሚገባ ነው። ፍሪሲዮኑ ጤነኛ ነው፤ በእጄ አገላብጬ አይቼዋለሁ። እንግዲህ ፍሪሲዮኑ የማይለቀው በደንብ ስላልተረገጠ ነው። ጥፋቱ የእግር ነው።»

«ታዲያ አንተ ጋ ሲሆን ለምን አያፋጭም?»

«እሜቴ፣ ሜዳ ላይ ሁሉም ሾፌር ነው። ዳገት ላይ ጭነት ሲከብደው ይደነግጣል፤ ሲደነግጥ ግማሽ ይረግጣል።»

ያኔ ሰውየው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጠየቅ ተናገረ። «ጋሼ፣ እኔ እስከ ታች ነው የምረግጠው» አለ። ድምፁን አላነሳም።

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው» አልኩት።

ለትንሽ ጊዜ አየኝ። ከዚያ «ዋቃቱ ቤካ» ብሎ ወደ መሬት አየ። እግዜር ያውቃል ማለቱ ነው፤ ይህን ያህል ኦሮምኛ አይጠፋኝም።

ካምቢዮውን ገጣጥሜ መኪናዋን አስረከብኩ። እሜቴ ጋቢናው ገቡ። ሰውየው ከበሩ ውጭ አቆመና ዘበኛው ዘንድ ያስቀመጠውን አንድ ጥቅል ተቀብሎ በጋቢናው አስገባ፤ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር አደላደለ፤ ተቀመጠ። ሁሉንም ከበሩ ሆኜ አይቼዋለሁ። ከዚያ አንደኛ ማርሽ ሊያስገባ ሲል ጥርሱ ተፋጨና መንገዱን ሁሉ ሞላው። ወደ ሠራተኞቼ ዞሬ «አያችሁ? ገና ከግቢ ሳይርቅ ጀመረ» አልኳቸው። ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

በማግስቱ እሜቴ ቁልፉን ተቀበሉት። በሳምንቱ ክፍሏን ለቀቀ። ሰበታ የሚስቱ አጎት ነበረ አሉ፤ ወደዚያ ሄዱ። እሜቴ ክፉ ሴት አልነበሩም። መኪናዋን የገዙት ከብት ሸጠው ነው፤ መካኒኩም በጨርቅ ላይ የተበላ ጥርስ አስቀምጦ አሳይቷቸዋል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈልጉ?

አዲስ ሾፌር ፈልግልኝ ሲሉኝም ፈለግኩላቸው። በጅማ መንገድ ብዙ ዘመን ከባድ መኪና የነዳ፣ ቆዳ ጫማ የሚያደርግ፣ ከእኔ ጋር በአንድ ቋንቋ ስለ ካምቢዮ የሚያወራ ሰው ነው። በኅዳር ሥራ ጀመረ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ማርሹ ያፋጭ ጀመር። ሰውየው ግን የዋዛ አልነበረም፤ ጥፋቱን ወዲያው ከእሱ በፊት በነበረው ላይ ጫነው። «ያ ሰው በልቷት ነው የሄደው፤ የተበላ ጥርስ አይበቅልም» አላቸው። እኔም ሲነግሩኝ «ትክክል ነው» አልኩ። ሁለታችንም አዋቂዎች ነበርን።

ጥር ላይ አንድ ጠዋት ከሱሉልታ ሰው ተላከብኝ። መኪናዋ ወተት እንደጫነች በር ላይ ቆማለች፤ አንደኛ ማርሽ ፈጽሞ አልገባም ብሏል፤ ሾፌሩም «ይቺን ለሚችላት ስጧት» ብሎ ቁልፉን ጥሎ ሄዷል። የመፍቻ ሣጥኔን ይዤ ሄድኩ። ሱሉልታ ብርዱ ሜዳው ላይ ተኝቶ ነበር፤ ሣሩ ላይ ውርጭ አለ። እሜቴ ወተቱን በአህያ ለመላክ ጓሮ ሄደው ሰው ይጣራሉ። መኪናዋ አጠገብ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሕጌ ያለው ጋራዤ በር ላይ ነው፤ ሱሉልታ ላይ የለም። ስለዚህ በዚህች መኪና ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ማንም ዕቃውን ሳያወጣልኝ፣ ሰው በሚነዳት ሁኔታ እንዳለች ገባሁባት። ሞተሩ ጠፍቶ ማርሽ አስገባሁ፤ ገባ። ሞተሩን አስነሳሁ፤ ፍሪሲዮኑን እስከ ታች ረገጥኩ፤ ማርሹ ተፋጨ። ፍሪሲዮን አይለቅም ማለት ነው። እስከ ታች ረግጫለሁ እኮ አልኩ ለራሴ። ይህን ቃል ከዚህ በፊት የት እንደሰማሁት ወዲያው ትዝ አለኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከእግሬ ሥር አጎዛ አለ። ጸጉሩ የጎፈረ፣ ነጭ የበግ አጎዛ ነው፤ ጫፉ ወደ ፊት ተንሸራትቶ ከፔዳሎቹ ሥር ሁለት እጥፍ ሆኗል። ፔዳሉ ወለሉን ሊነካ ሁለት ጣት ሲቀረው ጸጉሩ ላይ ያርፋል። ልስልስ ስለሆነ እግር የደረሰ ይመስለዋል። ፍሪሲዮኑ የሚለቀው ግን በእነዚያ ሁለት ጣቶች ውስጥ ነው። አጎዛውን ስቤ አወጣሁና እንደገና ረገጥኩ። አንደኛ ገባ። የኋላ ማርሽ ገባ። ሁሉም ያለ ድምፅ ገባ።

ሞተሩን አጥፍቼ አጎዛውን እንደያዝኩ ወረድኩ። 

እሜቴ ሲመጡ አጎዛውን በእጄ ይዤ አገኙኝ። «ይህ ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ ያለው?» አልኳቸው።

«እሱ? ከመስከረም ነዋ። መኪናዋ የገባች ዕለት በግ አርደን ጎማዋን ደም አስነክተን የለ? የዚያ በግ ቆዳ ነው። የዚያ የመጀመሪያው ሾፌር ሚስት ቆዳውን ለምና ወሰደችና ክረምቱን ሙሉ ስታደርቅ፣ ስትፍቅ፣ ቅቤ ስትቀባ ከርማ ለእግሩ አነጠፈችለት። ብርዱን ታየው የለ። ሲሄዱ ከመኪናዋ አይለይ ብላ ትታው ሄደች።» አጎዛውን በጣታቸው ዳሰሱት። «አንተ ጋ ሲመጣ ዘይት እንዳይነካው ብሎ በር ላይ ያወጣው ነበር። ዘበኛህም ያዘዋል መሰለኝ።»

ሕጌን ያከበረልኝ እንደ እሱ ያለ ደንበኛ አልነበረኝም።

እዚያው መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። አጎዛውን ወንበሩ ላይ ጣል አደረግኩና «ፍሪሲዮኑን አስተካክዬዋለሁ፤ እግር ሥር ምንም አይነጠፍ፣ ለፔዳሉ ጥሩ አይደለም» ብዬ መኪናዋን አንቀሳቀስኩላቸው። አመሰገኑኝ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይኸው ነው። ወደ ቡራዩ ስመለስ መንገዱን ሁሉ ምክንያት ስደረድር ሄድኩ፤ አንዱም አልቆመልኝም።

እሑድ ዕለት ሰበታ ወረድኩ። ሰውየውን ያገኘሁት ወፍጮ ቤት በረንዳ ላይ፣ ኩንታል ተሸክሞ ነው። ፀጉሩም ቅንድቡም በዱቄት ነጥቶ ለመለየት አስቸግሮኝ ነበር። ሲያየኝ ኩንታሉን አወረደ፤ ፊቱ ላይ ያየሁት ቂም አልነበረም፤ ግራ መጋባት ነው።

«ጋሼ፣ እዚህ መኪና ተበላሸብዎት እንዴ?» አለኝ።

ዳር ወስጄ ሁሉንም ነገርኩት። አጎዛውን፣ ሁለቱን ጣት፣ የጋራዤን በር ሕግ። እኔ ስጨርስ እሱ ቅንድቡን በክንዱ ጠረገ። ይሰድበኛል ብዬ ነበር የጠበቅኩት፤ ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

«ለባለቤቴ ነግረዋታል?» አለኝ በመጨረሻ።

«የለም። ለማንም አልተናገርኩም።»

«አይንገሯት።»

«ታዲያ ስምህ እንዴት ይንጻ? ለእሜቴ ምክንያቱን መንገር አለብኝ።»

«እሜቴ ካወቁ እሷ ትሰማለች። ሱሉልታ ትንሽ ናት።» እጁ ላይ ያለውን ዱቄት ማራገፍ ጀመረ። «ከዚያ ቤት ስንወጣ እግሬን አንድ ቀን በክፉ አላነሳችብኝም። ሰው እግሩ ነው ሲል እሷ የመኪናዋ ዕድል ነው ትላለች። በእጇ እንደሆነ ከሰማች…» አልጨረሰውም። «የእኔ እግር ነው ቢባል ይሻላል። ለምጄዋለሁ።»

ከሰበታ ስመለስ ያሰብኩት ስለ እሱ አልነበረም፤ ስለ ራሴ ነበር። ለዚህ ሰው እንጀራውን መመለስ ይቻላል፤ አጎዛውን ሳያነሱ ግን የሚቻለው በአንድ መንገድ ብቻ ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። የእኔን ማሸት የሚቻለው በስሜ ብቻ ነበር፤ ስሜ ደግሞ የነበረኝ ሀብት ሁሉ ነው። ሦስት ቀን አመነታሁ። ይህንንም አልደብቅም።

በአራተኛው ቀን ሱሉልታ ሄድኩ። እሜቴ በረት ውስጥ ነበሩ።

«እሜቴ፣ ያን ጊዜ የተናገርኩት ስህተት ነው» አልኳቸው። «ጥፋቱ የልጁ እግር አልነበረም።»

«የማን ነበር ታዲያ?»

«የእኔ። ፍሪሲዮኑ የማይለቅበትን ምክንያት ማየት ሲገባኝ ሳላይ ቀረሁ።»

ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው አዩኝ። «ሦስት ጊዜ መጥቶልህ?»

«ሦስት ጊዜ መጥቶልኝ።»

«ጥርሱን በጨርቅ ላይ አስቀምጠህ አላሳየኸኝም?»

«አሳይቻለሁ።»

ከዚያ የተናገሩትን ሁሉ አልጽፈውም። እውነታቸውን ነበር። ሲጨርሱ ረጋ ብለው «እንግዲህ ለመኪናዬ ሌላ መካኒክ እፈልጋለሁ፤ ሌላ ሾፌር ግን አልፈልግም» አሉና ወደ ላሞቻቸው ተመለሱ። ቃላቸውንም ጠበቁ። የዚያኑ ሳምንት ሰበታ ሰው ላኩ። ስሜንም እስከ ሱሉልታ ገበያ ድረስ አስጠሩልኝ፤ ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ከእንጦጦ ማዶ አንዲት መኪና ወደ እኔ አልመጣችም። ደንበኞቼ ምን አጠፋህ ሲሉኝ «ፍሪሲዮን አላየሁም» እላለሁ፤ ይስቃሉ። ሳቁ ከባድ ነበር። ለዚያ ቀን ሳቄ የተከፈለ ነው ብዬ ቻልኩት።

በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ በዚያው ሰሞን አስፋቅኩት። ሌላ አልጻፍኩበትም። ማንም መኪና ሲያመጣ ግን ከዚያ ወዲህ ከመንካቴ በፊት ሁለት ነገር እጠይቃለሁ፤ ከመቼ ጀምሮ ነው? ያን ሰሞን መኪናው ውስጥ ምን ገባ፣ ምንስ ወጣ? ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ የሚባለውን ልጅ ሆኜ ነው የሰማሁት፤ የገባኝ ግን የአርባ ዓመት ሰው ሆኜ፣ ሱሉልታ ላይ ጎንበስ ባልኩ ጊዜ ነው።

በተከታዩ ዓመት ጥቅምት ላይ፣ ጠዋት፣ ያቺ መኪና ከጋራዤ በር ፊት ቆመች። ሾፌሩ አልወረደም፤ ሞተሩን ሳያጠፋ ከሩቅ ባርኔጣውን አነሳልኝ። የወረደችው ሚስቱ ናት። ከዚያ በፊት አይቻት አላውቅም፤ ቀጭን፣ ፈጠን ፈጠን የምትል ሴት ናት፤ በክንዷ ሥር የተጠቀለለ ነገር ይዛለች።

«አካም ቡልተኒ፣ አባባ» አለችኝ። አባባ ለመባል አልደረስኩም ነበር።

ጥቅሉን ፈታችው። አጎዛ ነው። ከዚያኛው የሚበልጥ እንጂ የማያንስ ነው፤ ጸጉሩ ተበጥሮ እንደ ደመና ቆሟል።

«ለእርስዎ ነው የሠራሁት። እውነቱን ስለተናገሩልን። ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ይል ነበር።»

«ይህ ሁሉ ለምን?» አልኩ። 

«እዚህ ሲሚንቶው ብርድ ነው፤ ከእግርዎ ሥር ያንጥፉት። እንደ ባለቤቴ አያድርጉ። እሱማ ከተመለስን ወዲህ ያንን የድሮውን ወንበሩ ላይ አውጥቶ ተቀምጦበታል፤ ለእግር ያሳዝናል ይላል።» ወደ መኪናዋ ዞር ብላ ፈገግ አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ምስጢር እንደምትነግረኝ ሁሉ፣ «እኔ ግን አውቃለሁ፣ አባባ» አለችኝ። «እኛ የተመለስነው ያ አጎዛ መኪናው ውስጥ ስለቀረ ነው። ትቼው የሄድኩት አውቄ ነው።»

ባሏን አየሁት። ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ወደ ፊት መንገዱን ያያል።

«እውነትሽን ነው» አልኳት። «ባይቀር ኖሮ አትመለሱም ነበር።»

አጎዛውን በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ተመልሳ ገባች፤ እሱም አንደኛ ማርሽ አስገብቶ ሄደ። ስሰማ ነበር፤ ምንም ድምፅ አልነበረውም።